መጀመሪያ የሽንኩርቱ ሒሳብ

(አዲስ አበባ ለሚኖሩ የፎገራ አካባቢ ተወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

ስትጠሩኝ አንድ ነገር ነግራችሁኛል። ለተወለዳችሁበት ቀዬ 30 ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣችሁ ነው። ከልቤ ደስ ብሎኛል። የዛሬ ልመናዬ ግን ግዢውን ትንሽ እንድታቆዩልኝ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በወረታ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ለገበሬዎች፣ ለትንንሽ ነጋዴዎችና ሥራ ላጡ ወጣቶች ኮምፒውተርና የንግድ ሒሳብ ሳስተምር ቆይቻለሁ። አገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ጉማራን ተሻግሮ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው ሜዳ ነው። ክረምት ሩዝ፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጓያ።

አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። የኮምፒውተር ክፍል አለው። ኮምፒውተሮቹ በእርዳታ የመጡ ናቸው። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፉ አንድ መምህር ዘንድ ነበር፤ መምህሩ ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው። እኔም እንግዳ ሆኜ ስለሄድኩ ተከፈተልኝ። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው በመደዳ ተቀምጠዋል። መብራት ሲዋዥቅ ሁለቱ ተቃጥለዋል። የቀሩት ይሠሩ ይሆናል፤ የሞከራቸው የለም። ተማሪዎቹን «ኢንፑት ምንድን ነው?» ብትሏቸው እንደ ዳዊት ይደግሙላችኋል። ከሰሌዳ ገልብጠው በቃላቸው ይዘውታል። ማውስ ጨብጠው ግን አያውቁም። ያን ቀን የተሰማኝን ሐዘን እስካሁን አልረሳሁትም። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ዕቃውም አለ። በመካከል የጠፋው ሰው ነው።

እኔም ስጀምር ትክክል አልነበርኩም። የከተማውን ትምህርት እንዳለ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ የኮምፒውተር ክፍሎች፣ ቀጥሎ ጽሕፈት፣ ቀጥሎ ደብዳቤ ማሳመር። በሦስተኛው ሳምንት ከግማሽ በላይ ቀሩ። ከቀሩት አንዱን ገበሬ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ወደ ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ለምን እንደቀሩ ጠየቅኋቸው። አክብረውኝ ዞር ዞር አሉ። በመጨረሻ «መምህር፣ ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው የለኝም። ያ ዕቃህ የሽንኩርቴን ሒሳብ ያውቅልኛል ወይ?» አሉኝ።

«ያውቃል አያ፣ ይምጡ» አልኳቸው።

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ኤክሴል የሚባለውን የሒሳብ ሠንጠረዥ ከፈትን። ሌሎቹም ከበቡን። ቁጥሮቹን ለመናገር እንዲቀሉ አጠጋግቼ ልንገራችሁ። ከአንድ ጥማድ መሬት 40 ኩንታል ሽንኩርት አንሥተዋል። ኩንታሉን በ1,500 ብር ሸጠዋል። 60,000 ብር መሆኑ ነው። ወጪያቸውን ጠየቅኋቸው። ዘር 6,000፣ ማዳበሪያ 8,000፣ ኬሚካል 5,000፣ ለውኃ መሳቢያው ሞተር ቤንዚን 9,000። ድምር 28,000። ፊታቸው በራ። 32,000 ብር አትርፈዋል።

ከዚያ ሌሎቹ ገበሬዎች ገቡበት። «የሞተሩ ኪራይስ?» አለ አንዱ። 4,000። «የቀን ሠራተኛስ?» 11,000። ጆንያና ጫኝ 3,000። ደላላ 2,000። እያንዳንዱን እየጨመርን ስንሄድ ከታች ያለው የትርፍ ቁጥር በራሱ ይወርዳል። 12,000 ላይ ቆመ። ይህን ቁጥር የሚቀንሰው ማንም ሰው አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ነው። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ያያል።

ባለቤታቸው በሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። «እኔስ?» አሉ። «ችግኙን የተከልኩት እኔ፣ ያረምኩት እኔ። ልጁስ ሌሊት ውኃ ሲመልስ ያደረው?» ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው የሠሩትን ቀን ቆጠርን። 90 ቀን ሆነ። ለቀን ሠራተኛ በሚከፍሉት በ150 ብር አሰብነው። 13,500 ብር። የትርፉ ቁጥር ከዜሮ በታች ወረደ። 1,500 ብር ኪሳራ።

እዚህ ላይ ብንተወው ኖሮ ተስፋ አስቆርጠን መላክ ይሆን ነበር። ቀጥለን ጠየቅን። ላለመክሰር ኩንታሉ ስንት መሸጥ አለበት? ጠቅላላ ወጪው 61,500 ነው፤ ለ40 ሲካፈል 1,537 ብር ከ50። «እስቲ 1,200 አድርገው» አሉ። አደረግሁት። 48,000 ብር ገባ። ከኪሳቸው ያወጡትም ልክ 48,000 ነው። ገንዘቡ ተመልሷል፤ የ90 ቀኑ ጉልበት ግን ባዶ ቀርቷል። እሳቸው ይህን ከእኔ ቀድመው አዩት። «ቤተሰቤ በነጻ ሠራ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ «1,800 አድርገው» አሉ። ከዚያ «ዋጋውን መልሰው፣ ሞተሩን ለሁለት እንከራየው» አሉ። ቁጥሩን ራሳቸው እንዲጽፉ ወንበሩን ለቀቅኩላቸው። በአንዲት ጣት፣ ቀስ እያሉ ጻፉ። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ትምህርታቸው ይኸው ነበር። ማውስ መያዝን፣ ቁጥር ማጥፋትን፣ ማስቀመጥን ያን ቀን ያለ ስብከት ተማሩ።

የሽንኩርት ዋጋ በእጃቸው አይደለም። ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲነቅል ዋጋው ይወድቃል። ሽንኩርት እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዓመት አይቆይም። ግን በእጃቸው ያለም አለ። በቀጣዩ በጋ ሞተሩን ከጎረቤት ጋር ተከራዩ። ችግኙን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልተከሉም፤ በሁለት ዙር ከፋፈሉት። ደላላው ሲመጣ ከየትኛው ዋጋ በታች ሲሸጡ እንደሚጎዱ ያውቃሉ። ቁጥሩን ማወቅ ብቻውን ሀብታም አላደረጋቸውም። ግን ያለ ቁጥሩ አንዱንም ባልወሰኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ገለበጥኩት። ኮምፒውተርና ንግድ ሁለት የተለያዩ ኮርሶች መሆናቸው ቀረ። ሰው የሚገባው የራሱን አንድ የገንዘብ ጥያቄ ይዞ ነው። ጥያቄ የሌለው የለም። የንግድ ሥልጠና ላይም ይኸው ነው የማምነው። ለሦስት ቀን ሰብስቦ ራዕይና ተልዕኮ ማስጻፍ ለአንዲት የሱቅ ባለቤት ምንም አይጨምርላትም። የዱቤ ደብተሯን ከፍቶ አብሮ መደመር ይጨምርላታል።

እውነቴን ነው። አንዲት ሴት ነበረች፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው የምትሸጥ። ሱቋ ዕለት ተዕለት እየሳሳ ይሄድባታል፤ ገበያዋ ግን ጥሩ ነው። ምክንያቱ አልገባትም። የዱቤ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስም፣ ቀን፣ ብር እያልን ወደ ስልኳ አስገባነው። ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። ሲደመር ሰው እጅ ያለው ብር ሱቅ ውስጥ ካለው ዕቃ በለጠ። «ሱቄ ያለው ሰው ቤት ነው» አለች። ሁለተኛው ችግር የቤቱና የሱቁ ብር አንድ ኪስ ውስጥ መሆኑ ነበር። የልጅ ደብተርም፣ የለቅሶ መዋጮም፣ ስኳር መግዣውም ከዚያው ይወጣል። ለዚህ ኮምፒውተር አላስፈለገንም። ሁለት ጣሳ አዘጋጀች። አንዱ የሱቁ፣ አንዱ የቤቱ። ለራሷ በየቀኑ የተወሰነ ደሞዝ ከሱቁ ጣሳ ወደ ቤቱ ጣሳ ትከፍላለች። ከዚያ በላይ ካወጣች ትጽፈዋለች። ጣሳው ሲለመድ ነው ወደ ስልኩ ያሸጋገርነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ጣሳውን ያልለመደ ሰው ኤክሴሉን ሁለት ቀን ሞልቶ ይተወዋል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ብሩ በእጅ ሳይነካ ይገባል፣ ይወጣል። በ*127# ስለሚሠራ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ይበቃዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን «ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ስልክም አብሮ መጥቷል። ከተማሪዎቼ መካከል ተታልሎ ያውቅ የነበረ አለ፤ ለወራት አፍሮ ለማንም አልተናገረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርታችን ይኸው ሆኗል። የሚስጥር ቁጥር ለልጅም፣ ለባንክ ሠራተኛም፣ ለእኔም አይነገርም። እርስ በርስ እየደወልን፣ አንዱ አታላይ ሌላው ተታላይ እየሆነ እንለማመዳለን። መልእክት ማንበብም አብሮ ይሰጣል። ስልኩ 14፡30 ሲል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ማለቱ እንደሆነ ካልተነገረው ሰው ገንዘቡ መቼ እንደገባ አያውቅም።

የሰዓቱ ነገር ከተነሣ የቀን አቆጣጠሩን ልንገራችሁ። ብዙ አሠልጣኝ የማያስበው ነገር ነው። አንድ ተማሪ የካቲት 30 ቀን 2016 የሸጠውን ለመጻፍ 30/6/2016 ብሎ አስገባ። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀበለው። ግን የተቀበለው እንደ ፈረንጅ ጁን 30 ቀን 2016 ብሎ ነው። ያው ተማሪ የጥቅምት 30ን ሽያጭ 30/2/2016 ብሎ ጻፈ። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። በኋላ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ሁሉም ተዘበራረቀ። ተማሪው ያጠፋው እሱ መሰለው። እሱ ምንም አላጠፋም፤ የራሱን አቆጣጠር በትክክል ጽፏል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ዓምድ ለቀን፣ አንድ ለወሩ ቁጥር፣ አንድ ለዓመት። ጳጉሜን 13 ብሎ መጻፍ ነው። ሦስቱም ተራ ቁጥር ስለሆኑ አይረበሹም።

ፊደሉም እንደዚሁ። በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ድምፅ ነው። ሉ ለመጻፍ መጀመሪያ ኤልን፣ ቀጥሎ ዩን መንካት። እኔና እናንተ ስለለመድነው አይታየንም። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ፣ እንግሊዝኛ ግን ያልተማረ ሰው ይህ ግድግዳ ነው። የራሱን ቋንቋ ለመጻፍ የሌላ ሰው ፊደል መማር አለበት። ስለዚህ ጽሑፍ የምንጀምረው ከስልክ ነው። ስልኩ ላይ ለን ሲነኩ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ ይዘረዝርላቸዋል። ከሀ እስከ ፐ ያውቁታል። አንድ የቆሎ ተማሪ የነበሩ አባት ከወጣቶቹ ሁሉ ፈጥነው ሲጽፉ አይቻለሁ። አሁን የእድራቸውን ስም ዝርዝርና መዋጮ የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

«የገጠር ሰው አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ፎገራን አሳየዋለሁ። ሩዝ ለዚያ ሜዳ እንግዳ ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ተሞከረ። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን የያዘው እዚያው አጠገብ ካለችው ጅግና ነው። ዛሬ ወረታ ከተማ በሩዝ መፈልፈያ የተሞላች ናት። እንጀራውም ውስጥ ገብቷል። ያ ሕዝብ ረግረግ ላይ የማያውቀውን እህል ዘርቶ፣ ለምዶ፣ ገበያ ፈጥሮለታል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እህሉ ከማጀቱ ሲደርስ ማየት።

ልጆችማ ከዚህም ይፈጥናሉ። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ከነሶላር ቻርጀሩ ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። ልጆቹ በራሳቸው ከፈቱት፣ ተጫወቱበት፣ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር አስነሡት። እኔን ይህ አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ታብሌቱ ውስጥ የነበረው ትምህርት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ልጅ ዕቃ መክፈት አያቅተውም። ከከፈተው በኋላ የሚያገኘው ነገር የእሱ ኑሮ መሆን አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠናም ተማሪዎቼ ሞክረውታል። ጥሩ ዕድል ነው፣ ነጻ ነው። ግን እንግሊዝኛና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለእኛ ቀበሌ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚመጣ እንጂ በር መክፈቻ አይደለም።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የነበረውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከቤተሰባችሁ ጋር በድምፅ ስልክ ብቻ የተገናኛችሁባቸው ወራት ናቸው። እኛ ያን ጊዜ ትምህርታችን አልቆመም። ሁሉም ነገር ላፕቶፑ ላይ ስላለ ነው። ያለ ኢንተርኔት የማይሄድ ትምህርት ለዚያ አገር አታቅዱ። ለገበሬው የግብርና ምክር የሚሰጠው 8028 ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀው በተራ ስልክ፣ በድምፅ፣ በአገሬው ቋንቋ ስለሚሰማ ይመስለኛል።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ብላችሁ ብትለጥፉ ማንም አይመጣም። እኛ የያዝነው በዓላቱን ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድ ሞፈር አይነሣም። ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ፣ እህል ቀምሶ፣ ነጠላውን እንደለበሰ ይመጣል። መጀመሪያ የደብሩን አባቶች ጠይቀናል። «መማር በዓል አይሽርም» አሉን። ሙስሊም ተማሪዎቻችን የዓርብ ጸሎታቸው እንዳይነካ አስበንበታል። ሴቶቹ ማታ መምጣት አይችሉም፤ ውኃና እንጀራ አለባቸው። ሕፃን የያዘች እናት ከነልጇ ትገባለች። ልጁ ኪቦርድ ይነካካል፤ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘባችሁ ልመለስ። የማምንበትን በግልጽ ልናገር።

30 ኮምፒውተር አትግዙ። ስድስት ላፕቶፕ ግዙ። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ትምህርት አይቋረጥም፤ ቮልቴጅ ሲዋዥቅም በቀላሉ አይቃጠልም። ለቻርጅ የሚሆን ሶላር ጨምሩበት። በአንድ ላፕቶፕ ሦስት ሰው ይቀመጣል። ይህ እጥረት እንዳይመስላችሁ። የሽንኩርቱ ቀን እንዳያችሁት አንዱ ሲጽፍ ሌላው «የሞተሩ ኪራይስ?» እያለ ነው ሒሳቡ እውነት የሚሆነው። የተረፈውን ገንዘብ በሙሉ ለደሞዝ አድርጉት። ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ዓመት።

ሰዎቹ ከየት ይመጣሉ ካላችሁኝ እዚያው ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። የቀሩት የት ሄዱ? ብዙዎቹ ቤታቸው ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማሩ፣ ገበሬውን በስሙ የሚያውቁ፣ የሚዛወሩበት ቦታ የሌላቸው ወጣቶች። አባትና እናታቸው አፍረውባቸዋል፤ እነሱም አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔ ካስተማርኳቸው ሁሉ ቶሎ አስተማሪ የሆኑት እነዚህ ናቸው። በ2016 ፈተናው ለከፊል ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ታናናሾቻቸውን ኪቦርድ ያለማምዳሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ በዚያም ትንሽ ገቢ ያገኛሉ። ሁለት ዓመት ደሞዝ ከከፈላችሁላቸው በሦስተኛው በዚህ ገቢያቸው ራሳቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። ይችላሉ አልኩ እንጂ በእርግጠኝነት አልማልላችሁም። አንዱ ወደ ከተማ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው ሁለት ሰው ያልኳችሁ።

ቁልፉ ደግሞ አንድ ሰው ኪስ አይግባ። በእድሩ እጅ ይሁን። እድር ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ወንበሩን ለስንት ዓመት ሳይጠፋበት ጠብቋል። ስድስት ላፕቶፕ አያቅተውም።

አንዷን አስተማሪ አሁኑኑ ልጠቁማችሁ እችላለሁ። ፈተናውን ካላለፉት አንዷ ናት። ስሟን በጉባኤ አልጠራም፤ ፈቃዷን ከጠየቅኩ በኋላ ለኮሚቴው እሰጣለሁ። የላካችሁት እያንዳንዱ ብር የት እንደገባ የምትመዘግበው እሷ ናት። በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን በስልክ ታገኛላችሁ፤ ቀኑ በአንድ ዓምድ፣ ወሩ በአንድ፣ ዓመቱ በአንድ። ጳጉሜንም 13 ተብላ ትገባለች።